ሦስት ሳምንት የሞላው አንበሳ

የሸክላ አንበሳው በአንድ ጣልያን ቤት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ጥጥ ላይ ተኝቷል። አዝመራ እንዳየችው አወቀችው፤ ግራ ጆሮው ከቀኙ ይበልጣል። ያን ጆሮ የሠራችው እሷ ናት፤ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መንደሯ ወለቃ፣ እናቷ እንስራ ከምትሠራበት ጥግ ተቀምጣ።

«እንዳትነኩት!» አለ አስተርጓሚው ኃይለ ጊዮርጊስ። «ሲኞሩ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። ሦስት መቶ ዓመት የሞላው ዕቃ ነው፤ ከነገሥታቱ ጊዜ።»

አዝመራ ደንግጣ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። የነጋዴው የያሕያ ልጅ ለይላ ናት ሸክላዎቿን ከተማ ወስዳ የምትሸጥላት። ዛሬም አዝመራን ያመጣቻት «ዕቃ ተሸካሚ ናት» ብላ ነው። ለይላ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች። ግድግዳው ሙሉ በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች ነው፤ ፀሐይ ቀለማቸውን እንዳትበላው መጋረጃው በቀን ተዘግቷል።

ጣልያኑ መነጽሩን አውልቆ ወደ አንበሳው ጎንበስ አለና በዝግታ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«‹የሠራው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም› ይላሉ» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

አዝመራ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ገበያ ላይ ከእናቷ እንስራ የሚገዙ ሰዎች፣ ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው እየተባለ፣ እጇን እንኳ እንዳይነኩ ይጠነቀቃሉ። ይህ ሰው ግን የእጇን ሥራ ጥጥ ላይ አስተኝቶታል።

ደጅ እንደወጡ የለይላን ክንድ ያዘች። «ምነው ዋሸሽ?»

«ምን ላድርግ? መጀመሪያ የሠራሻትን ወፍ የወለቃ ሥራ ናት ብዬ ባሳየው፣ በቅጡ ሳያያት መለሰልኝ። አንበሳው ከነገሥታቱ ግንብ ሥር ተቆፍሮ የወጣ ነው ስለው ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።»

«ታዲያ የወደደው አንበሳውን ነው ዕድሜውን?»

«እኔ ምን አውቄ!» ለይላ ሳቀች። «ወዶታል አይደል? በቃ!»

አዝመራ ግን አልበቃትም። ሥራው ሸጋ ከሆነ ምነው ውሸት አስፈለገው? ሸጋ ካልሆነስ ያ ሰው ምን አይቶ ነው እንዲያ የሆነው? ወለቃ እስክትደርስ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ለይላ እያለከለከች መጣች። «አያ ሐብተ ማርያምን አሰሯቸው!»

አያ ሐብተ ማርያም የግንቡ በር ዘበኛ ናቸው። ጣልያኑ አንበሳው የወጣበትን ጉድጓድ ፍለጋ ሄዶ ምንም ቢያጣ፣ የግንቡን ዕቃ እያወጡ የሚሸጡት ሽማግሌው ናቸው ተባለ።

«ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው» አለች አዝመራ።

«አባቴን ቢያስሩትስ?» ለይላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። «እሱ ምንም አያውቅም እኮ!»

ለይላ ከሄደች በኋላ አዝመራ ነገሩን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ሸዋረግ ጭቃውን ማሸት አቆመች።

«እኔ እንጃ ልጄ። ሂጂ እንዳልልሽ እፈራለሁ፤ ተይ እንዳልልሽ ያ ሽማግሌ ዓይኔ ላይ ይመጣል።»

አዝመራ ከእናቷ የጠበቀችው ቁርጥ ያለ ቃል ነበር። ትልቅ ሰውም እንዲህ ግራ ይገባዋል ለካ።

በማግስቱ ጠዋት የጣልያኑ ደጅ ላይ ብቻዋን ቆመች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አላት ኃይለ ጊዮርጊስ።

«ጭቃ። አንበሳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ንገራቸው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሳቀ። ሲያስተረጉምለት ግን ጣልያኑ አልሳቀም፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። አዝመራ መልሱን ሳትጠብቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጭቃው የተጠቀለለበትን እርጥብ ጨርቅ ፈታች። ሌላ አንበሳ መሥራት ጀመረች። ወገቡን አወጣች፤ ጋማውን በስንጥር ጫረች። ጆሮዎቹን እኩል ለማድረግ ብትጥርም ግራው አሁንም በለጠ።

ጣልያኑ ከሣጥኑ አንበሳውን አምጥቶ ከአዲሱ አጠገብ አኖረው። ደጋግሞ አንዱን ከሌላው አስተያየ።

«ከግንቡ ወጣ ብሎ የዋሸው ማነው?» ሲል ኃይለ ጊዮርጊስ አስተረጎመ። «ያቺ የነጋዴው ልጅ ናት?»

የለይላ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። መልሳ ዋጠችው።

«የሠራሁት እኔ ነኝ። አያ ሐብተ ማርያም የሚያውቁት ነገር የለም። ሌላ የምለው የለኝም።»

 ጣልያኑ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ለአስተርጓሚው ሰጠው፤ ሽማግሌው እንዲፈቱ ነው። አሮጌ የተባለውን አንበሳ እዚያው ደረጃው ላይ ትቶት ወደ ቤት ገባ። ወዲያው ተመልሶ ወጣና እርጥቡን አንበሳ አንስቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አሉ?» አለች አዝመራ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም በቅጡ አልገባኝም።»

ከሰዓት በኋላ ለይላ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። አያ ሐብተ ማርያም ተፈትተው ወደ ቤታቸው ሲያልፉ አይታለች።

«ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም።»

ለይላ በረጅሙ ተነፈሰች። ጎን ለጎን ሄዱ። አዝመራ ጓደኛዋን መቆጣትም ማቀፍም እኩል ያምራታል።

«ሌላ ስትሠሪ» አለች ለይላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማክሰኝት ገበያ ልውሰድልሽ?»

አዝመራ ጥፍሯ ሥር የደረቀውን ጭቃ ፈለፈለች።

«አብረን እንሄዳለን» አለች። «ማን ሠራው ሲሉ ግን አንቺ ዝም በይ። የምመልሰው እኔ ነኝ።»