ከአዳም በፊት የሞተችው ልጅ

ወይዘሮ ድርቤ ልጃቸው መምህር ነመራ ለእራት ሳይመጣ ሲቀር፣ ሞቶ ይሆናል ብለው አሰቡ። በዘገየ ቁጥር እንደዚያ ነበር የሚያስቡት፤ እሱም «ሐርሜ፣ እናቴ፣ ስንቴ ቀበርሽኝ?» እያለ ይስቅባቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አልተሳሳቱም። በጥር 1958 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ነመራ ከጉቴ ወጣ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ፣ ለምርምር ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አፈር ተጭኖት ሞቶ ተገኘ።

መቶ አለቃ ጨመዳ ከነቀምቴ በፖሊስ ላንድሮቨር የደረሰው ረፋዱ ላይ ነው። የጊምቢ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያዳምጥ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል። ወይዘሮ ድርቤ ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ እጁን ያዙት።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እናት አለህ?»

«አሉኝ፣ ሐርሜ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ቄሱ አባ ወልደዮሐንስ ልጄን በጸሎት አልፈታውም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበርም ብለዋል። ከአዳም በፊት ሰው ነበር ብሎ አስተማረ፣ እግዚአብሔርም በዚያው ጉድጓድ ቀሠፈው ይላሉ። እግዚአብሔር ከገደለው አፌን እይዛለሁ። ሰው ከገደለው ግን ፈልግልኝ። ከእኔ በፊት መሞቱ ሳያንስ ሜዳ ላይ አይጣልብኝ። ጊዜ ያለህ እስከ ማታ ነው፤ ሬሳ አይጠብቅም።»

ጨመዳ ገብቶ አስከሬኑን አየ። ከቀኝ ጆሮው ኋላ አጥንቱ ተሰብሮ ገብቷል። አፉና አፍንጫው ውስጥ ግን አፈር አልነበረም፤ አፈሩ ሲጫነው እስትንፋሱ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ፀጉሩ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ አፈር ተጣብቋል። የእጆቹን አውራ ጣቶች አገላብጦ ሲያይ በሁለቱም ላይ ቀጭን የገመድ ምልክት አገኘ። በእግሮቹ አውራ ጣቶችም ላይ እንዲሁ።

«ገንዛችሁት ነበር?»

«ማን ደፍሮ ይነካዋል?» አሉ እናቱ። «እንደመጣ ነው ያለው።»

ጉብታው ላይ ፕሮቴስታንቱ ወንጌላዊ ተረፋ ጠበቀው። የነመራ አብሮ አደግ ነው፤ እዚሁ ቦታ ላይ የጸሎት ቤት ለመሥራት ፈቃድ አውጥቶ፣ ቁፋሮው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር።

«ቦታውን ስለያዘብህ ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለው ጨመዳ።

«ሁለቴ ተጣልተናል። ሁለቴም ቆሎ ይዞ ቤቴ መጥቶ ቆሎውን ራሱ በልቶ ሄዷል።»

«ያገኘው ነገርስ ለእምነትህ አላሰጋህም?»

«እኔ ያመንኩት በባዶ መቃብር ነው፣ መቶ አለቃ። የሞላ መቃብር ቢያገኝ ምን ያደርገኛል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርህ። ከዚህ ጉድጓድ ያወጣውን የሕፃን ራስ ቅል ያሳየኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ‹ከነጩ አፈር ውስጥ ነው ያወጣሁት፣ ነጩ አፈር ከአሥር ሺህ ዓመት ይበልጣል› አለኝ። ‹ሕፃኗ ለአዳም ታላቅ እህቱ ናት› ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።»

«ሬሳውን ማን አወጣው?»

«ነመራ ጠፍቶ ጉድጓዱ ተሞልቶ አይቼ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ባቻ አካፋውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የደብሩ መቃብር ቆፋሪ ነው፤ ለነመራም የሚቆፍርለት እሱ ነበር። እኔ ‹ፊቱን አውጣ፣ ይተነፍስ ይሆናል› እያልኩ ስለምነው እሱ በእግሩ ጀመረ። ከዚያ እጆቹን። ፊቱ የመጨረሻ ሆነ። ሌላ ሰው እንዲወርድም አልፈቀደም።»

«እንዴት ተኝቶ አገኛችሁት?»

«በጀርባው። ራሱ በምዕራብ በኩል።»

ጉድጓዱ ሰፊ ነው፤ የባቻ አካፋ የነካው ሬሳው የነበረበትን ወገን ብቻ ነበር። ሌላው ወገን አፈሩ እንደተሞላ ቀርቷል። ዙሪያውን ካስማ ተተክሎ፣ ነመራ ቁፋሮውን የለካበት ሲባጎ ተወጥሯል። በአንድ ማዕዘን ሲባጎው ተቆርጦ ስንዝር ስንዝር የሚሆን ሁለት ቁራጭ ጎድሎታል። ጨመዳ ወርዶ የቀረውን አፈር በጩቤ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ቁጢጥ ብሎም የተቆረጠውን የአፈር ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መረመረ።

«ከጉድጓዱ የወጣው የአፈር ቁልል ተንዶበት ነው ይላል ሰዉ» አለ ተረፋ ከላይ።

«ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር አለፈው።»

ጨመዳ ጩቤውን ጠርጎ ወጣ።

አባ ወልደዮሐንስን ያገኛቸው ከደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው። ከእሳቸው ወዲያ፣ ወይራ ሥር፣ አንዲት ሴት በርከክ ብላ ሣር ትነቅላለች።

«ከአዳም እስከ ዛሬ ሰባት ሺህ አራት መቶ አምሳ ስምንት ዓመት ነው» አሉ አባ። «በዓላችንና ጾማችን የሚወጣው በዚህ ቁጥር ነው። ከሥሩ አንድ ድንጋይ ከሳብክ ቤቱ ይፈርሳል።»

«ነመራ ሳበው?»

«ሊስብ ነበር። አዳም የመጀመሪያው ካልሆነ በደሉስ የማን ነው? ክርስቶስስ ማንን ሊያድን መጣ? ገበያ ውስጥ ሰው ይህን ይጠይቀኝ ጀመር። ትናንት ከሠርክ ጸሎት እስኪመሽ ግን ከዲያቆናቱ ጋር እዚህ ነበርኩ፤ ጠይቃቸው።»

«ጠይቄያለሁ። አባ፣ በዚህ አገር ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን የት ይቀበራል?»

አባ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «ከቅጥሩ ውጭ፣ አባቱ በወደደው ቦታ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመኝ ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ የባቻ ልጅ ስድስት ቀን ሲቀራት ሞተች። ለመነኝ። ሥርዓት ነው፣ አልኩት።»

«ያቺ ሴት ማን ናት?»

«ሎሚ ናት። የባቻ ሚስት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«እኔ እንጃ። ዘወትር ቅዳሜ ትመጣለች። ግቢ ታጸዳለች ብዬ ነው።»

ጨመዳ ሴትዮዋ የጠረገቻትን መሬት አየ። ስፋቷ ከአንድ ትራስ አይበልጥም።

ከዚያ ወደ ገብረኪዳን ሱቅ ሄደ። ገብረኪዳን ከጉራጌ አገር መጥቶ ጉቴ የከረመ ነጋዴ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ሳሙና ሻጭ ነኝ» አለ ገና ሳይጠየቅ። «አዳም ይቅደም፣ ሌላ ይቅደም፣ ሁሉም ይታጠባል።»

«ነመራ ያስቀመጠው ነገር አለ?»

«የሳሙና ሳጥን። አጥንትና ድንጋይ አለበት። ሰኞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሊወስደው፣ ትናንት ከቀትር በኋላ አደራ ሰጠኝ።»

«የጠየቀህ ሰው አለ?»

«ባቻ፤ ማታ ሱቁን ልዘጋ ስል። ነመራ ልኮኝ ነው አለ። ወረቀት አምጣ አልኩት። ሳጥኑን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሄደ። የከብት ግንባር እንደሚዳብስ ሰው።»

ጨመዳ ሳጥኑን አስከፈተ። የራስ ቅሉን በሁለት እጁ አነሳው፤ የትርንጎ ያህል ነበር። በጩቤው ጫፍ ከውስጡ ጥቂት አፈር አወጣና ባንኮኒው ላይ አራገፈ። ከአፈሩ ጋር የወጣውን ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ጉብታው ላይ ሰበሰባቸው። ወይዘሮ ድርቤን ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አመጡ። ባቻ አካፋውን ተመርኩዞ ከሎሚ ጎን ቆመ።

«ነመራን መቅሠፍት አልገደለውም፤ ቁልልም አልተናደበትም» አለ ጨመዳ። «ይህን ያስረዳኝ ራሱ ነመራ ነው። አፈር እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይነበባል፣ እያለ ያስተምር ነበር። መሬቱን ተመልከቱ፤ ከላይ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከሥር ነጭ። ሲቆፈር መጀመሪያ የወጣው ጥቁሩ ስለሆነ ከቁልሉ ሥር ሆነ። መጨረሻ የወጣው ነጩ ከቁልሉ አናት ሆነ። ቁልል ቢናድ ሦስቱም ተደባልቆ ይወርዳል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግን አልተደባለቀም። ነጩ ሬሳው ላይ፣ ከዚያ ቀዩ፣ ከላይ ጥቁሩ። ከአናቱ እየዛቀ፣ በእርጋታ፣ አፈሩን ወደ ቦታው የመለሰ ሰው አለ።»

«ያ ሰው ነመራን እንደ ክርስቲያን አስተኝቶታል፤ ሲነሣ ወደ ምሥራቅ እንዲያይ ራሱን በምዕራብ አድርጎ። ከለካበት ሲባጎ ቆርጦ የእጁንና የእግሩን አውራ ጣቶች አሰረ። ይህ የግነዛ ወግ ነው፤ ተረፋና ወገኖቹ አያደርጉትም። ገብረኪዳንም ሬሳ ገንዞ አያውቅም። አባ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ለብዙ ዓመት የለመደ እጅ፣ ባለቤቱ ሳያዘው የሠራው ነው። ሲነጋ ግን ያ ሰው ክሩ ትዝ አለው። ሰው የተቀበረበትን ሲያወጣ እንዲተነፍስ ፊቱን ይፈልጋል። ባቻ በእግሩ የጀመረው ፊቱን መፈለግ እንደማይጠቅም ስላወቀ ነው። የፈለገው ክሩን ፈቶ መደበቅ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ባቻ ዞረ። ባቻ አካፋው ላይ ያለውን እጁን ያይ ነበር።

«ምን አደረገው?» አሉ ወይዘሮ ድርቤ። «ልጄ ምን በደለው?»

ጨመዳ ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። «ይህ ከሕፃኗ ራስ ቅል ውስጥ ያወጣሁት አፈር ነው። ነጭ አይደለም፤ ጥቁርና ቀይ ተደባልቆ ነው። ሕፃኗ ነጩ አፈር ውስጥ የተገኘችው ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ ስለተቀበረች ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አባቷ ጅብ እንዳያወጣት በጣም ጠልቆ ቆፈረ። ይህ ደግሞ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ የነበረ ጨርቅ ነው። የፋብሪካ አቡጀዲ። ከአዳም በፊት አቡጀዲ አልነበረም። ነመራ ጎበዝ ነበር፣ ግን ቸኩሎ ነበር፤ የፈለገውን ስላገኘ የተጣበቀውን አላራገፈም።»

«ድንጋዮቹስ?» አለ ተረፋ ቀስ ብሎ። «ነጩ አፈር ውስጥ ያሉት የተጠረቡት ድንጋዮች? ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«እሱን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሞተ።»

ባቻ የዚያን ጊዜ ተናገረ። ድምፁ ጎረቤቱን ስለ ማሳ እንደሚያስረዳ ሰው የረጋ ነበር።

«አንድ ሳምንት ሙሉ ሰማሁ። አባ የሰይጣን አጥንት ነው አሉ። ነመራ የአዳም ታላቅ ነው አለ። እኔ ግን ልጄን አውቃታለሁ። ወደ እሷ እንዳይደርስ ብዬ ነበር የምቆፍርለት፤ ደረሰባት። ትናንት ሲመሽ እዚሁ ለመንኩት። መልስልኝ፣ ልጄ ናት፣ ሰኞ አትውሰድብኝ አልኩት። ሳቀ። ‹አባ ልከውህ ነው፣ ቁፋሮዬን ለማበላሸት› አለኝ። ስለ እሷ እውነቱን የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ዞሮ ሊሄድ ሲል በአካፋው...»

ሎሚ ከጎኑ ሁለት እርምጃ ራቀች። «የእኛ ልጅ ወይራው ሥር ናት» አለች። «በምስጢር አስገባኋት ብለኸኛል። ስምንት ዓመት እዚያ አልቅሻለሁ።»

«አልደፈርኩም፣ ሎሚ። የተከለከለ ነው። ቅጥሩ ድረስ ይዣት ሄጄ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ወይራው ሥር ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ጨመዳ የባቻን እጆች አሰረ። የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። ወይዘሮ ድርቤ ባቻን አላዩትም። ገብረኪዳን ወደያዘው ሳጥን ሄደው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሕፃኗን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፏት።

«አባ» አሉ። «ልጄን የገደለው ሰው ነው። ፍቱት።»

«እፈታዋለሁ» አሉ አባ ወልደዮሐንስ።

«መቃብሩን ወይራው ሥር አስቆፍሩ። ይህችም ደረቱ ላይ ትሆናለች። ከአፈር ያወጣት እሱ ነው፤ እሱ ይያዛት።»

«ድርቤ፣ ልጅቱ እኮ...»

«የዛሬ ስምንት ዓመት ብታስገቧት ኖሮ ሁለት ሰው አይጠፋም ነበር። ቁጥሩን እርስዎ ያውቁታል።»

አባ መስቀላቸውን አንስተው ወደ ደብሩ መንገድ ጀመሩ። መቃብር የሚቆፍር ሰው ስላልነበረ አካፋውን ተረፋ አነሳ፤ የደብሩን ቅጥር ሲያልፍ የከለከለው የለም። እጁ አልለመደም፤ ቶሎ ቆሰለ። ላንድሮቨሩ ባቻን ይዞ በነቀምቴ መንገድ ሲወርድ ጉድጓዱ ገና ወገብ አልደረሰም ነበር።

ፍትሐቱ ሲጀመር አባ ወልደዮሐንስ የነመራን የክርስትና ስም ጠሩ። ከዚያ ቆሙ። ፊታቸውን ከሰዉ መልሰው፣ ለሎሚ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁ፦

«ስሟ ማን ነበር?»

«ቀለሟ» አለች ሎሚ።

የክርስትና ስም ነው ወይ ብለው አልጠየቁም።