ሂሩት ስትገባ የሚበራው መብራት

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ መካኒክ ነኝ፣ ሰው ስለ ሟርትና ስለ ምልክት ማውራት ከጀመረ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ለእኔ መኪና ከተበላሸ ወይ ሽቦ ነው ወይ ዝገት ነው፣ ሌላ የለም። ይህን የምለው በኋላ «ሰውዬው ድሮም ልቡ ወደዚያ ያደላ ነበር» እንዳትሉኝ ነው። ደግሞ እንዲህ ዓይነት ወሬ ብዙ ጊዜ በውድቅት ሌሊት ነው የሚጀምረው፣ የእኔ ግን በጠራራ ቀን ነው፣ ጠራራ ስል እንግዲህ የሲያትል ጠራራ ነው፣ እያካፋ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ከባለቤቴ ከሂሩት ጋር ሲያትል አጠገብ ሬንተን ከተማ ኮረብታው ላይ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር፣ እኔ ጋራዥ እሠራለሁ፣ እሷ ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ ሄዳ አረጋውያን ትንከባከባለች። መኪናችን አሮጌ ብትሆንም በዘመኗ የቅንጦት ነበረች፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ኤቢኤስ የሚባለው ነገር ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ እሷ ነበራት። ጣጣዋ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ናት፣ ስትፈልግ ትበራለች፣ ስትፈልግ ትጠፋለች። መብራቷ በራች ማለት ኤቢኤሱ ራሱን ዘጋ ማለት ነው፣ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ግን እግዜር ይሁንህ ነው።

ሂሩት ያኔ እርጉዝ ነበረች፣ ወሯ ገብቷል። ይህ ሁለተኛችን ነው። የመጀመሪያው ወንድ ነበር፣ ቀኑን ሞልቶ ሳይተነፍስ ተወለደ፣ ስለዚያ ቀን ብዙ አልናገርም፣ ባዶ እጃችንን በዚህችው መኪና ስንመለስ እስከ ቤት ድረስ ከአንዳችንም ቃል አልወጣም። እና ሂሩት ቁርጡን ነገረችኝ።

«ግርማ፣ ይሄ መብራት ካልጠፋ እኔ በዚህ መኪና ሆስፒታል አልሄድም። ታክሲ ኮል አደርጋለሁ።»

ባሏ መካኒክ ሆኖ ምጥ ይዟት በታክሲ ስትሄድ ይታያችሁ፣ ግን እመኑኝ፣ ያስጨነቀኝ ኩራቴ አልነበረም። ይህችን ልጅ፣ ማለቴ ይህን ልጅ፣ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ወንድ ነው ብሎን ነበርና፣ በሰላም ይዘን እንድንመለስ ነበር የምፈልገው፣ ሂሩትም ሳትፈራ እንድትወልድ።

ምርመራ ጀመርኩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ብቻዬን ስነዳ መብራቷ አትበራም። ሂሩት አጠገቤ ስትቀመጥ ግን ገና መንገድ ሳንጀምር ቦግ ትላለች። ክብደት ነው አልኩ፣ ከወንበሩ ሥር የሚያልፍ ሽቦ እየተጫነ ይሆናል፣ ስለዚህ ትልቅ የሩዝ ጆንያ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አስሬ ሬንተንን ዞርኩ፣ ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመች ፈረንጅ ጆንያውን አይታ እጇን አወዛወዘችለት። መብራቷ ዝም። የሂሩትን እናት፣ እማማ ዘነቡን፣ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደሴ የመጡትን፣ ለምኜ አስቀመጥኳቸው፣ ከጆንያው አይተናነሱም፣ መብራቷ አሁንም ዝም። ሂሩት ገባች፣ ቦግ።

«ሰው ትለያለች እንዴ?» አሉኝ እማማ።

«ሽቦ ነው እማማ፣ አያስቡ» አልኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ቁጭ ብዬ ኮድ ላወጣ ተነሳሁ። የዚያን ጊዜ መኪኖች በሽታቸውን በኮምፒውተር አይናገሩም፣ ሁለት ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ ታገናኛላችሁ፣ ቁልፍ ታዞራላችሁ፣ ያቺው መብራት ብልጭ እያለች ቁጥር ትነግራችኋለች፣ ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ አይታችሁ የትኛው ጎማ እንደታመመ ታውቃላችሁ። እማማ ጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ አቆመች። ሦስት። የፊት ግራ ጎማ፣ ፍጥነቱን የሚያነበው ሴንሰር።

እማማ ቀና አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«ሦስት ነዋ ልጄ። እልልታው ሦስት ለሴት ነው፣ ሰባት ለወንድ። አሁን አንተው ፊት እልል አለች እኮ።»

«እማማ፣ ይሄ የጎማ ነው። ሐኪሙም ወንድ ነው ብሏል፣ ሰማያዊ ልብስ ገዝተናል።»

«ሐኪሙ ይሳሳታል» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት፣ ሂሩትም ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከወራት በኋላ እንዲያ ስትስቅ ማየቴ ነበር።

ሴንሰሩን ከሌላ አሮጌ መኪና በወጣ ቀየርኩት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከእኛዋ ያወጣሁትን በሜትር ስለካው ጤነኛ ነው፣ ሽቦውም ጤነኛ፣ ዝገትም የለው። ምኑን እንደጠገንኩ ለራሴም አልገባኝም። ብቻ ሂሩት ስትገባ መብራቷ ሳትበራ ቀረች፣ እኔም ደስ አለኝና ነገሩን አልመረመርኩትም።

ምጡ ማለዳ ላይ መጣ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቁልቁለቱን እንደ እንቁላል ይዣት ወረድኩ፣ ዓይኔ ግማሹ መንገዱ ላይ ግማሹ ዳሽቦርዱ ላይ፣ መብራቷ ጭል አላለችም። ከቀትር በፊት ሂሩት ወለደች፣ አለቀሰች፣ ማለቴ ሕፃኗ፣ ደግሞ እኔም። አዎ፣ ሴት። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ ትከሻውን ነቀነቀ፣ እማማ ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፣ ኮሪደሩ ላይ ሦስት እልልታ ሲያሰሙ ነርሶች ሰው የወደቀ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ሰማያዊ ልብስ አልብሰናት አረፍነው። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም፣ አላጋንንም።

የገጠመኝ ነገር የሆነው ሆስፒታሉ ሲያስወጣን ነው፣ ቀን ነው፣ ከሕንፃው ሥር ባለው ፓርኪንግ። ሂሩትና እማማ ሕፃኗን መሐል አድርገው ከኋላ ተቀመጡ፣ እማማ «ጨቅላ እንዴት ትታሰራለች» እያሉ ከወንበሯ ቀበቶ ጋር ይከራከራሉ፣ ሁላችንም እንስቃለን። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቷ ብልጭ አለች። ሽቦ አላገናኘሁም እኮ፣ ያለ ሽቦ ኮድ አይወጣም። ብልጭ ባለች ቁጥር ከዳሽቦርዱ ውስጥ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፣ ለምዶብኝ ቆጠርኩ። ሰባት። አረፈች። እንደገና ሰባት።

የእኔ መጽሐፍ ላይ ሰባት የሚባል ኮድ የለም፣ ዝርዝሩ እዚያ አይደርስም። ቁልፉን መልሼ አጠፋሁ፣ ነቀልኩት፣ እጄ ላይ ነው ቁልፉ፣ እያየሁት። ቀጭ፣ ብልጭ። ቀጭ፣ ብልጭ። ከኋላ ያለው ሳቅ ቆሟል። እማማም እየቆጠሩ እንደነበር ከትንፋሻቸው አወቅኩ።

«የሽቦው ኮኔክተር ነው፣ እርጥበት ገብቶበት ነው» አልኩ።

«የወንድ ነው» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «እኛ ሴት ነው ያገኘነው። የማን ነው ይሄ?»

«የእሱ ነው እማዬ» አለች ሂሩት። «ለእሱ ማንም እልል አላለም። ዝም ብለን ነው ወደ ቤት የሄድነው።»

በመስተዋቱ አየኋት፣ እያለቀሰች ነው፣ ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት የለም። እማማ በሩን ከፍተው ወጡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ እዚያ ሲሚንቶ ሥር ቆመው እልል አሉ፣ ሰባት ጊዜ፣ ሳያጓድሉ፣ ጣሪያው እያስተጋባ፣ የቆሙት መኪኖች መስታወት እየተንቀጠቀጠ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ኤቭሪቲንግ ኦኬ?»

«ቤቢ» አልኩት፣ ሌላ ቃል ጠፋብኝ፣ «ኒው ቤቢ።»

ሰውዬው ወደ ውስጥ አይቶ በሙሉ ጥርሱ ሳቀ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ሄደ። ወደ ዳሽቦርዱ ዞር ስል ጨለማ ነው። ወደ ቤት የሄድነው እየዘፈንን ነው፣ እማማ ያወጣሉ፣ እኔና ሂሩት እንቀበላለን፣ ዝናብ፣ ፍሪዌዩ ሙሉ መኪና፣ እኛ ግን ጭብጨባ ላይ ነን፣ እኔ እንኳ በአንድ እጄ መሪው ላይ።

አሁን መካኒክ የሆናችሁ ትስቁብኛላችሁ። የኤቢኤስ መብራት ቁልፍ ሲዞር ለትንሽ ጊዜ ልትበራ ይገባል፣ ራሷን ስትፈትሽ ነው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለዚያም አትበራም። አምፖሉን አውጥቼ በባትሪ ሞከርኩት፣ ይበራል። መስመሩን ቼክ አደረግኩ፣ ኤሌክትሪክ አለው። እርጥብ ሜዳ ላይ ወስጄ ፍሬን በኃይል ስይዝ ኤቢኤሱ እግሬ ሥር እየተርገበገበ በደንብ ይሠራል። አምፖሉን ቦታው ላይ ስመልሰው ብቻ አይበራም። ቁራጭ ሽቦዬን አስገብቼ ኮድ ልጠይቃት እችል ነበር፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ አልሞከርኩትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ሰሞን ጋራዡ የሚመጣ አንድ የታኮማ ሰው መኪናዋን ወደዳትና ሽጥልኝ ብሎ ያዘኝ፣ እኔም አልሸጥም አልኩት።

«ሶ ምን ልታደርግባት ነው? አሮጌ ናት እኮ» አለኝ።

«የእኔ ብቻ አይደለችም» አልኩት።

የሂሩትም ናት ማለቴ መስሎት ራሱን ነቅንቆ ሄደ፣ እኔም አላረምኩትም፣ እጄን ጠራርጌ ገባሁና እስከ ማታ ምንም ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ።