የሙንታሲር ቀኝ እጅ

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ሙንታሲር እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል?»

ናጃህ የውሃውን ብርጭቆ ለጠያቂዋ እንዳቀበለች ደርቃ ቀረች። ሴትዮዋ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጡት ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው። አንድ ልጅ በሥራ ላይ መጎዳቱን ሰው ጠቁሟቸው፣ ቡታጅራ መውጫ ላይ ያለውን የአባቷን የመስታወት ፋብሪካ አይተው፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤታቸው ጎራ ማለታቸው ነው። ሙንታሲር ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። አባቷ አቶ ኸይረዲን ከጎኑ ሆነው ምንጣፉን ያያሉ።

ሴትዮዋ እንደሚመጡ ቀድሞ ስለተሰማ መልሱ ጠዋት ቁርስ ላይ ተጠንቷል።

«አይሠራም» አለች ናጃህ። «የአጎቴ ልጅ ነው። ለጥየቃ ከእንሴኖ መጥቶ፣ ፋብሪካውን ሊያይ ሲገባ ነው የተቆረጠው።»

ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሲበዛ የተቃና ውሸት ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ወደ ሙንታሲር ዞሩ። እሱም፣ «አዎ፣ እንግዳ ነኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ እንኳ አልነበረም። ናጃህ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሙንታሲር እንግዳ ከሆነ የቤቱ ሰው ማን እንደሆነ አላህ ይወቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁሉም ቀድሞ ፋብሪካውን የሚከፍተው፣ ከሁሉም ኋላ የሚዘጋው፣ የሰው ቁመት የሚያህለውን መስታወት ቆርጦ ጠርዙን የሚሞርደው እሱ ነው። ማታ ማታ ሒሳብ ሲያቅታት የሚያስረዳትም እሱ ነው። አቶ ኸይረዲን ለተቀጠሩት ሠራተኞች ኢንሹራንስ ገብተዋል፣ ወፍራም የቆዳ ጓንትም ሰጥተዋል። ለሙንታሲር ግን አንዱንም አላደረጉም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ለእሳቸው የወንድም ልጅ ሠራተኛ አይባልም፤ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ልጅ ኢንሹራንስ መግባት እንደ ባዳ መቁጠር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሙንታሲር ሌሎቹ የጣሉትን ጓንት እያነሳ ያደርግ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያደረገው መዳፉ ላይ የተቀደደ ነበር፤ መስታወቱ ሲያመልጠው ጠርዙ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ እጁን ሸረከተው።

ሐኪሙ ጅማቱ መቆረጡን፣ አዲስ አበባ ሄዶ በቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ጣቶቹ እንደማይታጠፉ ተናግሯል። ሠራተኛ ነው ከተባለ ማሳከሙም ካሳውም የአባቷ ግዴታ ነው፤ ኢንሹራንስ ስላልገቡለትም ይቀጣሉ። እንግዳ ከሆነ ግን ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ በእነናጃህ ቤት «እናያለን» ነው የሚባለው። አባቷ እስካሁን እያዩ ነው።

ወይዘሮ አሰፋሽ ውሃቸውን ጠጥተው ተነሱ። ነገ ቢሮ እንደሚውሉ፣ የሚጨምረው ነገር ያለው ሰው መምጣት እንደሚችል ተናግረው ወጡ። ይህን ሲሉ ያዩት ናጃህን ነው ወይስ ለእሷ ብቻ መሰላት እንጃ።

ሙንታሲር በግራ እጁ መብላት ነውር ስለሆነበት፣ ከተጎዳ ጀምሮ የሚያጎርሱት የናጃህ እናት ሀሊሜ ነበሩ። ያን ምሽት ግን ሀሊሜ ጎረቤት ለቅሶ ሄደው ተራው የናጃህ ሆነ። አባቷ አልራበኝም ብለው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ናጃህ ቆጮውን ቆርሳ፣ ጎመን ጠቅልላበት፣ «ቢስሚላህ» ብላ ዘረጋችለት። ጢም ያበቀለው ጎረምሳ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ።

«ናጂ፣ ጉርሻውን አታሳንሺው እንጂ» አላት። «የተቆረጠው እጄ ነው፤ ሆዴ አይደለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሳትስቅ የሚቀጥለውን ጉርሻ አተለቀችው። ቀን በአፏ ከቤት ያስወጣችውን ልጅ ማታ በእጇ ታጎርሰዋለች። እፍረቱ ከአንገቷ ተነስቶ ጆሮዋን አጋለው።

«አንተ ራስህ ለምን እንግዳ ነኝ አልክ?»

«አንቺን ውሸታም ላስብልሽ እንዴ?» አለ እያላመጠ። «ተይው፣ አታካብጂው።»

ናጃህ እስኪጠግብ አጎረሰችው፣ አፉን አበሰችለት፣ ትሪውን አነሳች። እጇን ታጥባ በረንዳ ወጣችና አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ነገ ከትምህርት ቤት በፊት ወይዘሮ አሰፋሽ ጋ እሄዳለሁ።»

አቶ ኸይረዲን ቀና አሉ። የምትሄድበትን ምክንያት አልጠየቋትም። «ፋብሪካው ቢታሸግስ? ምን እንበላለን?»

«አላውቅም» አለች። በእርግጥም አታውቅም። «ተደብቄዎት መሄድ ስላልፈለግኩ ነው የነገርኩዎት።»

አትሄጂም እስኪሏት ጠበቀች። አባቷ ግን፣ «በላ?» አሉ።

«በላ። ዓይኑን ግን ላየው አልቻልኩም።»

«እኔም» አሉ አቶ ኸይረዲን።

 ናጃህ ወደ ቤት ገባችና የስልኳን ማንቂያ ከወትሮው ቀደም ብሎ እንዲቀሰቅሳት ሞላችው።