ገጽ ሦስት ላይ ያለችው ፍሉት

ኦርኬስትራው ገጽ ሁለትን ጨርሶ ወደ ገጽ ሦስት ሲገልጥ ኔቬና መቀመጥ አቃታት። ከስድስተኛው ረድፍ ተነስታ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ቆመች። ሃምሳ ሁለት ሰው እሷ የጻፈችውን እየተጫወተ ነው። ቀስቶቹ አንድ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ ትልቁ ከበሮ ሲመታ የወንበሩ እንጨት ጀርባዋን ይነዝራታል። ሙዚቃውን የሠራችበት ላፕቶፕ እንዲህ ነዝሯት አያውቅም።

«አሁን» አለች አጠገቧ የተቀመጠውን የጓደኛዋን የቦያንን ክንድ ጨብጣ። «አሁን ፍሉቷ ትገባለች።»

ትሮምቦኖቹ ገቡ፤ ሆርኖቹ ተከተሉ፤ የነሐስ መለከቶቹ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ፍሉቷ ግን አልተሰማችም። በሁለተኛው የፍሉት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ፍሉቷን፣ ያችን የብረት ዋሽንት፣ ከከንፈራቸው አድርገዋል፣ ጣቶቻቸው ይሄዳሉ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዲት ድምፅ አትወጣም። ሴትዮዋ ከመስታወት ጀርባ ሆነው የሚነፉ ይመስላሉ።

የኦርኬስትራው መሪ ማኤስትሮ ፔንቸቭ ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ትሮምቦኖቹ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ጠየቁና ከገጹ መጀመሪያ አስጀመሩ። አልተሰማችም። ሆርኖቹንም ዝቅ አስደረጉ። አሁን ያ ኃይለኛ ሙዚቃ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መሰለ፤ ፍሉቷ ግን ያው ናት። ማኤስትሮው ወደ ወንበሮቹ ዞሩና ኮምፒዩተሩ ላይ ፍሉቷን ምን እንዳደረገቻት ኔቬናን ጠየቋት።

«ከፍ አደረግኋት» አለች ኔቬና። «ሌላውን ሁሉ ዝቅ።»

«እኛን ዝቅ ለማድረግ የቱን ነው የምትጫኑት?» አሉ ትሮምቦን የሚነፉት ጋሽ ቬንኮ፣ ሆዳቸውን እየዳበሱ። ነሐስ ነፊዎቹ በሙሉ ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ የኔቬና ጆሮዎች ግን እስከ ጫፋቸው ጋሉ።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። ከተማዋ በየዓመቱ የወንዙን በዓል ታከብራለች፤ ዘንድሮ ከባህል ቤቱ ምድር ቤት አንዲት አራት ደቂቃ የምትሆን ድምፅ አልባ ፊልም ተገኘች። የድሮ ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በጀልባ የዳኑብን ወንዝ ሲሻገሩ ታሳያለች። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ሙዚቃ ይጻፍላት፣ አንደኛ የወጣውን የከተማው ኦርኬስትራ ፊልሙ ሲታይ ከሥሩ ተቀምጦ ይጫወተዋል ተባለ። ሠላሳ አንድ ሥራ ገባ። ዳኞቹ የሰሙት ቅጂውን ብቻ ነበር፤ ሥራዎቹ ላይ ስም አልነበረም፣ ቁጥር ብቻ። ስም ቢኖርባቸው ኖሮ አንደኝነቱ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ እንደሚሄድ የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። የዚያ ልጆች አባቶቻቸውም እዚያው የተማሩ ናቸው። አንደኛ የወጣችውን ኔቬናን ግን በአሥር ዓመቷ ጣቷ አጭር ነው ብለው ከበሩ መልሰዋታል።

እሷ ትጽፋለች፣ ቦያን ድምፆቹን ያደባልቃል። የሚሠሩት በቦያን ቤት፣ በመስታወት በተዘጋችው በረንዳ ላይ፣ በኮመጠጠ ቃሪያ ብልቃጦች መካከል ነው። መሣሪያዎቹ ሁሉ በኢንተርኔት በነፃ የተለቀቁ የተቀዱ ድምፆች ናቸው። በዓለም ላይ ደግ ሰዎች አሉ፤ የእውነት ቫዮሊን ቁጭ ብለው ድምፅ በድምፅ እየቀዱ «ውሰዱ» ይላሉ። ቫዮሊኖቹ ከአንድ ሰው መጡ፤ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀዱ ናቸው። ትሮምቦኖቹ ከሌላ ሰው መጡ፤ እነሱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀዱ ይመስላሉ። ፍሉቷን የቀዳት ሰው ደግሞ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ከታችኞቹ ድምፆች ሥር የማቀዝቀዣ እምም የሚል ድምፅ አለ። ቦያን ያን እምምታ እንደ ዓሣ አጥንት ነቅሎ አወጣው። ከዚያ ቁም ሣጥኑንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም በኮምፒዩተሩ ማስተጋቢያ አገናኝቶ አንድ አዳራሽ አደረጋቸው። ላፕቶፑ አቅም ስላልነበረው በየአሥር ደቂቃው ይቆማል፤ ሲቆም ቦያን ይሰድበዋል፣ ኔቬና ማራገቢያው ላይ ትነፋለች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ላይ የተሰሙ ዕለት ሁለቱም ሳያስቡት ዘለሉ፤ የታች ቤት ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ።

አሁን ግን ሃምሳ ሁለት ሰው የእውነት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፊልሙ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይታያል።

የባህል ክፍሉ ኃላፊ አቶ ግሪጎሮቭ ስልካቸውን እያጠፉ ከኋላ መጡ። ይህች ልጅ የማን ናት ብለው ጠየቁ። አባቷ የከተማ አውቶቡስ መካኒክ መሆኑ ሲነገራቸው «እ» ብለው ወደ ማኤስትሮው ዞሩ። ጭንቀታቸው የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው፤ ከክልሉም እንግዶች አሉ። መፍትሔያቸው ደግሞ ቀላል ነው። ያሸነፈው ቅጂ በድምፅ ማጉያ ይከፈታል፣ ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ባለፈው ዓመት ዘፋኟም እንዲሁ ከንፈሯን ነው ያንቀሳቀሰችው፤ አበባ ሰጧት እንጂ ማን ጠየቃት?

ማኤስትሮ ፔንቸቭ ፊታቸውን አሹ። ወረቀቱን ሲያዩ ጠርጥረው እንደነበር፣ ቅጂው ላይ ጥርት ብላ ስለምትሰማ ምናልባት አዳራሹ ይሸከማታል ብለው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ለሁሉም የሃያ ደቂቃ ዕረፍት ሰጡና ወደ ኔቬና ጎንበስ አሉ።

«ሥራው ያንቺ ነው። እኔ የማነሳውና የማወርደው ቁልፍ የለኝም፤ ያለኝ ሰው ነው። ስንመለስ የመረጥሽውን ትነግሪኛለሽ።»

አቶ ግሪጎሮቭ እስከዚያ ድምፅ ማጉያው ይሞከር አሉ። ቦያን ይህን ሁለቴ እንዲነግሩት አልጠበቀም፤ ገመዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካ።

በትልቁ ድምፅ ማጉያ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነው። የኔቬና ክንድ ላይ ፀጉሯ ቆመ። ነሐሶቹ እንደ ግድግዳ መጡ፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ፍሉቷ ጥርት ብላ፣ እጅ ተዘርግቶ የሚነካት ያህል ቀርባ፣ አንዲት ፍንጣቂ ሳትጎድላት አለፈች። የመብራት ሠራተኛው መሰላሉ ላይ እንዳለ ሥራውን አቁሞ ሰማ። የቦያን ፊት በሳቅ በራ።

«ሰማሽ? ሰማሽ ወይ? አቦ፣ ይሄ ነገር ሲኒማ ነው። ይሄን ትተሽ የነሱን ጉንፋን ልታሰሚ ነው?»

ኔቬናም ደስ ብሏታል፤ በጣም ደስ ብሏታል። ይህን የመሰለ ነገር በእጇ እያለ የተበላሸውን የምትመርጥበት ምክንያት አልታያትም። እሺ ልትለው ነበር። ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ፣ ማሞቂያው ብረት አጠገብ፣ ሁለተኛዋን ፍሉት የሚነፉት ሴትዮ አይራን የሚባለውን የእርጎ መጠጥ እየጠጡ ቆመዋል። እትዬ ዶብሪና ይባላሉ፤ በዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። የሁለተኛ ፍሉት ሥራ የታችኛውን ድምፅ መያዝ ነው። ላይኛውን የመጀመሪያዋ ትነፋዋለች፣ ጭብጨባውም የላይኛው ነው፤ የታችኛው ቢጠፋ ይጎድላል እንጂ መኖሩን ማንም አይሰማውም። ብቻቸውን የሚነፉት ነገር ተጽፎላቸው አያውቅም። ኔቬና ይህን አታውቅም ነበር። ገጽ ሦስትን በዝቅተኛው ድምፅ የጻፈችው የድምፁን ቡናማነት ወዳ ብቻ ነው።

ኔቬና ይቅርታ ልትጠይቃቸው አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን አውጥተው ግድግዳው ላይ ዘረጉት። ሁለት ሳምንት ቤታቸው እንደተለማመዱት ነገሯት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጎረቤቱ የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ እየመታ ዝም አሰኝቷቸዋል። በሦስተኛው ቀን አልመታም። በአራተኛው ቀን ደረጃው ላይ አግኝቷቸው፣ ያ ነገር ዛሬ የለም ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ልጄ» አሉ። «የት ጋ ነው የምተነፍሰው? መተንፈሻ አልጻፍሽልኝም።»

ኔቬና ወረቀቱን አየች። ከላይ እስከ ታች አንድም ክፍተት የለም። ኮምፒዩተሩ አይተነፍስ፤ ጠይቋትም አያውቅ።

«እኔ እዚህ ጋ አድርጌዋለሁ፣ ከዚህች በኋላ» አሉ እትዬ ዶብሪና፤ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ ምልክት እያሳዩ። «ካልወደድሽው እለውጠዋለሁ።» ከዚያም ፍሉቷን አንስተው፣ እዚያው አይራኑ አጠገብ፣ በቀስታ ነፉላት።

ድምፁ ከማጉያው አንሶ ነበር፤ ትንሽም ይሻክር ነበር። ምልክቷ ጋ ሲደርሱ ሴትዮዋ አየር ሳቡ፤ ያ አየር ራሱ ተሰማ፤ ቀጣዩ ድምፅ ከዚያ አየር ውስጥ ወጣ። ኔቬና የራሷ ዜማ እዚያ ቦታ ላይ ሰው እንደሚያስፈልገው የገባት ያን ጊዜ ነው። አራት ወር ሙሉ ስትሰማው ምን እንደጎደለው አታውቅም ነበር።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ የመድረኩን ደረጃ ሁለት ሁለት እያለች ወጣች። ቦያን የማጉያውን ድምፅ እያስተካከለ ነበር። ማጉያው አይከፈትም አለችው። ዝቅ በሉ ማለትም አይሠራም፤ ገጽ ሦስት ላይ ትሮምቦኖቹና ሆርኖቹ ጭራሽ አይኖሩም።

«አብደሻል?» አለ። «ያን ነሐስ ሁለት ሳምንት ነው የሠራሁት። ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ቅጂው ያሸነፈው በሱ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ። ሴትዮዋን አልሰማሃቸውም እንጂ።»

ቦያን ገመዱን ከላፕቶፑ ነቀለውና መጠቅለል ጀመረ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ።  አቶ ግሪጎሮቭ ከታች ሆነው ምን እየተደረገ ነው ብለው ጠየቁ፤ ማኤስትሮ ፔንቸቭ ደራሲዋ ኖታ እያረመች ነው ብለው መለሱላቸው። ደራሲዋ ሲሏት ኔቬና ዞር ብላ ሌላ ሰው ፈለገች።

ከዚያ እርሳስ ተበድራ ወደ ትሮምቦኖቹ ሄደች። ጋሽ ቬንኮ ከዕረፍት ተመልሰው ጢማቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚህ ገጽ ጫፍ እስከዚያኛው ዝም እንዲሉላት ለመነቻቸው።

«በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ዝም በል ያለኝ ሰው ብዙ ነው» አሉ። «ሁሉም ከሩቅ ነው የሚጮሁብኝ። አንቺ መጥተሽ ጠየቅሽኝ።» ወረቀታቸውን አዞሩላት። «ሰርዥው።»

ኔቬና ጎንበስ ብላ እርሳሱን የገጽ ሦስት የመጀመሪያዋ ኖታ ላይ አሳረፈች።  ልትጀምር ስትል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ቦያን ነው፤ የጠቀለለው ገመድ ትከሻው ላይ አለ፤ ፊቱ አሁንም እንደተኮሳተረ ነው።

«ከዚያ አይደለም» አለ። «ሁለት ኖታ ቀድመሽ ጀምሪ። የነሐሱ ማስተጋባት በዚህ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ነው፤ ቶሎ ካላቆሙ ጭራው የፍሉቷን መግቢያ ይሸፍነዋል።»

ኔቬና እርሳሱን አነሳች። ወረቀቱን ወደ ገጽ ሁለት መለሰችና ሁለት ኖታ ቀድማ፣ በጣም ከምትወዳት ቦታ ላይ፣ የመሰረዣውን መስመር ጀመረች።