የላላ ክር

የልጅ ልጄ ልቡን የጣለው ከቴኒስ ሜዳው የተመልካች መቀመጫ ሥር ባለች፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ነው። የሰው ልጅ ፍቅር ፍለጋ መናፈሻ ይሄዳል፤ የእኔው ጉድ ግን የራኬት ክር ሊያስወጥር ሄዶ እዚያው ቀረ።

ክር ወጣሪዋ ቀጭን ልጅ ናት። ማሽኗ ላይ አጎንብሳ ሳለች በጥድፊያ ገባና ራኬቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው።

«ይሄ እኮ ትናንት የተወጠረ ነው! በአንድ ቀን ይበጠሳል?»

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «ኳስ ነው የመታህበት ወይስ ድንጋይ ስትፈልጥ ነው የዋልከው?»

«ኳስ ነው።»

«እንግዲያው ኳሷን ይማራት።»

ሳቀ። ያኔ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አልነገረኝም፤ ብቻ ሌላው ተጫዋች ራኬቱን ጥሎ ሄዶ ሲያልቅለት የሚመለስበትን ሥራ፣ እሱ እስኪያልቅ በሯ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«እማማ፣ የምታስቅ ልጅ አገኘሁ» ሲለኝ ሆዴ ፈራ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ደስታው ራሱ ያስፈራኛል። የፈሩት ይደርሳል ነውና ልጅቱ የሎጋው እህት ሆና ተገኘች።

ሎጋው በወንዶች ጥንድ ውድድር የልጄ አጣማሪ ነው። ሎጋው ያሉት በቁመቱ ነው። አባታቸውም ተጫዋች ነበር፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ የእህቱን ፀጉር እያበጠረ ያሳደጋት ሎጋው ነው። ታዲያ በየመልበሻ ክፍሉ የሚላት ነገር አለችው፦ «እህቴን ለተጫዋች ከምሰጥ እቤቴ ታርጅ!»

«ንገረው እንጂ ልጄ» እለዋለሁ።

«ውድድሩ ይለቅ፣ እማማ። አሁን ከነገርኩት አብሮኝ አይጫወትም።»

«ሌላ ሰው ቢነግረውስ?»

«ማን ይነግረዋል? ከኛ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ምስጢር ታቅፌ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሴት አይደለሁም።

በዚህ ላይ ቀኝ ትከሻው ታመመ። አጣማሪው ሰምቶ ሌላ ሰው እንዳይፈልግ ደበቀው። ልጅቱ ግን ራኬቱን ሲያቀብላት ክንዱ አልዘረጋ ማለቱን አየች። አልጠየቀችውም። ክሩን ከወትሮው አላልታ ሰጠችውና «ቀስ ብለህ ምታ» አለችው። የላላ ክር ለትከሻ ይራራል፤ ኳሷን ግን አርቆ ይጥላታል፤ እጁን ላላስለመደ ሰው አይሆንም።

የፍጻሜው ዕለት ከፊት ረድፍ፣ ተጫዋቾቹ ከሚያርፉበት ወንበር ጀርባ ተቀመጥኩ። ልጅቱም ሥራዋን ጨርሳ ከጎኔ መጣች።

«እማማ፣ እጅዎ በረዶ ሆኗል።»

«ያንቺስ?»

«የእኔማ ሁሌም እንዲህ ነው» አለች። ዋሸች።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፉ፣ ሁለተኛውን ተሸነፉ፤ ዋንጫው በሦስተኛው ላይ ቀረ። ልጄ ከራሱ በላይ የምትመጣ ኳስ በመታ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል። እኔም የራሴን።

በዚህ መሀል የሎጋው ክር ተበጠሰ። መቀየሪያ ራኬቶቹንም ቀደም ብሎ ጨርሷቸው ነበር። የልጄን ቦርሳ ከፈተና አንዱን ራኬት መዘዘ። አጣማሪ አጣማሪውን አያስፈቅድም። ያን ሁሉ ቀን ስንጨነቅ ይቺን አንዳችንም አላሰብናትም!

«ወየው!» አለች ልጅቱ፤ እጄን ጨመደደችው።

ሎጋው እንደ ልማዱ በሙሉ ጉልበቱ መታ። ኳሷ ሜዳውን አልፋ ከኋላ ካለው ግድግዳ ጋር ተላተመች። ቀጣይዋም እንዲሁ። ቆመ። ክሩን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ልጄን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አያት። አንገቷን ደፋች። ነገር በዓይን ይገባል፤ ሁሉም ገባው።

ለእረፍት ሲቀመጡ የሚሉት እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ትከሻህ ነው?»

«ነው።»

«ለእኔ ሳትነግረኝ ለእህቴ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም» አለ ልጄ። «አየችኝ።»

ሎጋው ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። ዳኛው ሰዓት መድረሱን ተናገረ፤ ተጋጣሚዎቹ ገቡ፤ እሱ ግን ከፎጣው ሥር አልወጣም። ጥሎት ሊሄድ ነው አልኩ። ዋንጫውም አጣማሪውም ልጅቱም ባንዴ ከልጄ እጅ ሲወጡ ታዩኝ።

ሎጋው ተነሳ።

«ከራስህ በላይ የምትመጣውን እንዳትነካት፤ የኔ ናት» አለው።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰው ሮጠ። እጁ በማያውቀው ራኬት፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ከልጄ ኋላ ኋላ። አልሆነም፤ ተሸነፉ። ጎን ለጎን ወጡ፤ ግን ሲነጋገሩ አላየሁም።

ደረጃውን ስንወርድ ልጅቱ ደገፈችኝ።

«እማማ፣ ይመታው ይሆን?»

«መች እፈቅድለትና!» አልኩ፤ ፈቃዴን ማን እንደጠየቀኝ እንጃ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስንባቸው። ሎጋው ግድግዳ ተደግፏል፤ ልጄ ከፊቱ ቆሟል።

«ውድድሩ ሲያልቅ ልነግርህ ነበር» ይለዋል።

«ይኸው አለቀ። ንገረኝ።»

ልጄ ዞር አለና ወደኛ መጣ፤ ወንድሟ እያየ እጇን ያዘ።

«ወንድምጋሼ» አለች ልጅቱ፣ «ስደበኝ እንጂ ዝም አትበለኝ።»

ሎጋው የተያያዙትን እጆች አየ። ከላይ የሚወጣው ተመልካች ኮቴ ይሰማል። ቀረብ አለና የልጄን እጅ ከእህቱ እጅ አላቀቀው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በግራህ ያዛት» አለው። «ቀኙ እስኪድን ይረፍ።»