አልወርድም ያለችው ሳንቃ

ጠጋ በሉማ! ጆሮ ያለው ይስማ፣ የተኛም ይንቃ። ታሪካችን ያለው ከሐይቁ ዳር ነው።

በባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንዲት አሮጊት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረች። ስሟ እመቤት ይባላል። ቀለሟ ተላልጧል፣ ሸራዋ ሰባት ቦታ ተጥፏል፤ ኩራቷ ግን ገና አዲስ ነው።

ባለቤቷ አክስት ጠጅቱ ናት። የአክስት ጠጅቱ ምላስ ስለታም ነው፤ ሳቋ ደግሞ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል።

ከእሷ ጋር የምትኖረው ሲፈን ስድስት ዓመቷ ነው። ሲፈን በእመቤት ከመንሳፈፍ የበለጠ የምትወደው ነገር የለም። ከረሜላም ቢሆን!

እመቤት ሆዷ መሃል ረጅም ቀዳዳ አላት። «ታዲያ ውሃ አይገባም?» ትሉ ይሆናል። አይገባም! ቀዳዳው ዙሪያውን የእንጨት ግድግዳ አለው።

በቀዳዳው ውስጥ አንዲት ሳንቃ ወደ ውሃው ትወርዳለች። ሳንቃዋ ስትወርድ እመቤት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ካልወረደች ግን ነፋሱ በጎኗ ይገፋታል፤ ሽርትት!

አንድ ሰኞ ቀን የድሮዋ ሳንቃ በስብሳ ኖሮ ለሁለት ተሰበረች። ቀሽሽ!

አክስት ጠጅቱ አናጢውን ጋሽ ገላናን ጠራቻቸው። የሰፈሩ በር ሁሉ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው።

«እኔ የሠራሁት በር ሲዘጋ ፀጉር አያስገባም!» ይላሉ ጋሽ ገላና።

«ፀጉሩስ ይቅር፣ የጎረቤት ወሬ ባያስገባ ነበር ደግ!» አለች አክስት ጠጅቱ።

ጋሽ ገላና አዲስ ሳንቃ ሠሩ፤ ጫፏ ላይም ከባድ ብረት መቱባት። ቀዳዳው ውስጥ ሲከቷት ልክክ አለች።

ገመዱን ሲለቁት ወረደች፤ ሽውው... ቷ! ሲስቡት ወጣች። «ይኸው! ፀጉር አያስገባም!» አሉ።

ማክሰኞ ማታ እመቤትን ውሃው ላይ አሰሯት። ሳንቃዋም እዚያው ቀዳዳዋ ውስጥ አደረች።

ረቡዕ ጠዋት አክስት ጠጅቱ ሸራውን ዘረጋች። ሲፈን ገመዱን ለቀቀችና ጮኸች፦ «ውረጂ ሳንቃዬ፣ ውረጂ!»

ሳንቃዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ነፋሱ መጣ። ሽርትት! እመቤት በጎኗ ተንሸራትታ፣ በጎኗ ተንሸራትታ፣ ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ውስጥ ገብታ ተሸጎጠች።

«ቋ! ቋ! ቋ!» ብለው ዳክዬዎቹ ሸሹ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ሳቀ። «ጠጅቱ! ጀልባሽ እንደ ሸርጣን በጎን መሄድ ጀመረች እንዴ?»

«አንተ ዓሣህን ያዝ! ከያዝክ ማለቴ ነው!» አለች አክስት ጠጅቱ። ግን ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

ቤት ሲደርሱ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እስከ እሁድ ቀጥ ብላ ካልሄደች የዶሮ ቤት አደርጋታለሁ! ዶሮዎቼ እንደሆኑ ቤት የላቸውም።»

የሲፈን ልብ ድም! ድም! አለ። በእመቤት ላይ ዶሮ ሊያድርባት? እመቤት ከእንግዲህ ላትንሳፈፍ?

ሲፈን ሮጣ ጋሽ ገላናን ይዛ መጣች።

መጀመሪያ ጋሽ ገላና በመዶሻ ሞከሩ። ኳ! ኳ! ኳ! «ውረጂ ሳንቃዬ፣ ውረጂ!» ሳንቃዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ቀጥሎ አክስት ጠጅቱ ሳንቃዋ ላይ ወጥታ ዘለለች። ዱብ! ዱብ! ዱብ! «ውረጂ ሳንቃዬ፣ ውረጂ!» ሳንቃዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ሲፈን የአክስቷን የፀጉር ቅቤ አምጥታ ቀባቻት። ልጥ! ልጥ! ልጥ! «ውረጂ ሳንቃዬ፣ ውረጂ!»

ሳንቃዋ አማረባት፤ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ቅቤዬን!» ብላ ጮኸች አክስት ጠጅቱ። «እኔ እንኳ ለበዓል ብቻ ነው የምቀባው!»

ያን ዕለት ማታ አክስት ጠጅቱ፣ «ለነገ ንፍሮ ባቄላ ዘፍዝፊልኝ» አለቻት።

ሲፈን ደረቁን ባቄላ በጣሳ እስከ አፉ ሞላችው። ውሃ ጨመረችበትና ክዳኑን ከደነችው። ከዚያ እያዘነች ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ ክዳኑ መሬት ላይ ወድቋል። ባቄላው ከጣሳው በላይ ተቆልሎ ይታያል!

«አክስቴ! አክስቴ! ባቄላው ክዳኑን ገፍቶ ጣለው!»

«ውሃ ጠጥቶ ወፍሮ ነዋ! ጣሳው ጠበበው» አለች አክስት ጠጅቱ።

ሲፈን ባቄላውን አየች፤ በመስኮት ሐይቁን አየች።

«አክስቴ... ሳንቃዋስ? እሷም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ነበረች።»

አክስት ጠጅቱ ነጠላዋን አንስታ ብድግ አለች። በሩ ላይ የነበረች ዶሮ እንኳ ደንግጣ ሸሸች!

እጅ ለእጅ ተያይዘው ጋሽ ገላና ዘንድ ሮጡ። «ሳንቃዋ ውሃ ጠጥታ ወፍራለች!» አለች ሲፈን።

ጋሽ ገላና ሳቁ። «ሳንቃ ባቄላ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ቆይ ጋሽ ገላና» አለች አክስት ጠጅቱ። «እርስዎ የሠሩልኝ በር ክረምት ሲገባ አልከፈት ይል የለ? ባለፈው ሐምሌ በመስኮት ነው የወጣሁት!»

ጋሽ ገላና ሳቃቸውን አቆሙ። አገጫቸውን አሹ። «እውነትሽን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንጨት ውሃ ይጠጣል። እኔ ደግሞ መወፈሪያ ቦታ አልተውኩላትም።»

እመቤትን ከውሃ ጎትተው አወጧት፤ በጎኗም አጋደሟት። ጋሽ ገላና ሳንቃዋን ከሥር መቷት። ኳ! ኳ! ኳ! ብላ ብላ ወጣች።

«ፀሐይ ላይ እናስጣት?» አለች ሲፈን።

«አይሆንም! ትጣመማለች። ጥላ ሥር፣ ቀስ ብላ ትድረቅ።»

ሐሙስ ደረቀች። አርብ ደረቀች። ሲፈን እየሄደች ትዳስሳታለች፤ ዶሮዎቹም እየሄዱ እመቤትን ያዩዋታል። «ገና ነው! ሂዱ!» ትላቸዋለች ሲፈን።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገላና መላጊያቸውን አነሱ። ሸርር! ሸርር! የእንጨቱ ልጣጭ እየተጠቀለለ ወደቀ።

ትንሽ ላጉና አቆሙ። «በቃ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ክፍተት ያለው ሥራ ሠርቼ አላውቅም! ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

ሲፈን ትንሿን ጣቷን ዘረጋች። «ይቺን ታህል ብቻ ይተዉላት፣ ጋሽዬ። ጣቴ ከገባች ይበቃል።»

ጋሽ ገላና ጣቷን አዩ። ሳንቃቸውን አዩ። መላጊያቸውን እንደገና አነሱ። ሸርር! ሸርር! ሸርር!

ሳንቃዋን ቀዳዳው ውስጥ ከተቷትና «ጣትሽን አምጪ!» አሉ። ጣቷ በአንድ ጎን ገባች። በሌላውም ጎን ገባች።

ሳንቃዋን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሷት። ከዚያ ብዙ ውሃ እንዳትጠጣ የተልባ ዘይት ቀቧት። ልጥ! ልጥ! ልጥ!

«ይሄኛው ቅቤ የኔ አይደለም፤ እንደ ልባችሁ ቀቡ!» አለች አክስት ጠጅቱ።

ቅዳሜ ማታ ሳንቃዋ ቀዳዳዋ ውስጥ ሆና ውሃ ላይ አደረች። ሲፈን ሦስት ጊዜ ነቃች።

እሁድ ጠዋት ሆነ። ሸራው ተዘረጋ። ሲፈን ገመዱን ያዘች።

እስቲ እኛም አብረናት እንበል! «ውረጂ ሳንቃዬ፣ ውረጂ!»

ሽውውው... ቷ!

ነፋሱ መጣ። ሸራው ነፋ አለ። እመቤትም ቀጥ አለች! በዳክዬዎቹ አጠገብ ቀጥ፣ በደንገሉ አጠገብ ቀጥ፣ ወደ ማዶ ቀጥ!

ዓሣ አጥማጁ ባርኔጣውን አነሳ። «ወይ እመቤት! ዛሬስ እውነትም እመቤት!»

«እልልል!» አለች አክስት ጠጅቱ። ሐይቁም መልሶ «እልልል!» አለ።

«የዶሮ ቤቱን እኔ እሠራልሻለሁ» አሉ ጋሽ ገላና ከፊት ተቀምጠው። «ክፍተት ልተውለት?»

«ኧረ ጥብቅ ያድርጉት! ዶሮ ሐይቅ ውስጥ አታድርም!»

ሦስቱም እየሳቁ ማዶ ደርሰው ተመለሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሲፈን በአክስቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። ዓይኗ ተከድኗል፤ ጆሮዋ ግን ገና አልተኛም።

አክስት ጠጅቱ ገመዱን አሰረች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ማንም እንደማያያት ስታውቅ የእመቤትን ጎን ቸብ ቸብ አደረገች።

«ደህና እደሪ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት በሹክሹክታ። «እውነት ለዶሮ የምሰጥሽ መስሎሽ ነበር?»

ሲፈን በጀርባዋ ላይ ሆና ፈገግ አለች። ከዚያ እሷም ተኛች።