አራተኛው ጎማ

ቤጋይም የመኪናውን በር ስትከፍት በፍሬን መርገጫውና በመቀመጫው መካከል የተወተፈ እንጨት አገኘች።

«ታያታ፣ ይሄ እንጨት ምን ይሠራል?»

ታያታ የምትላቸው የእናቷ አባት ኤሸንኩል፣ አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን መኪና ሁሉ ሲጠግኑ የኖሩት መካኒክ፣ የኋላው ጎማ አጠገብ ተጋድመው ነበር። «ይረግጥልኛል» አሉ። «ምሳ አይጠይቅ፣ ወሬ አያበዛ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»

ቤጋይም ልትስቅ ብላ ተወችው። ከፍሬን ውስጥ አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ሆኖ ትንሿን ብሎን ይፈታል። ድሮ የሚረግጡት ሴት አያቷ ነበሩ። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

እንጨቱን አንስታ መርገጫውን ረገጠች። እግሯ ያለ ምንም ትግል ወለሉ ላይ ዐረፈ።

«ባዶ ነው እኮ! ዘይቱ ሲወጣ መርገጫው ይወርዳል፣ እንጨቱ ግን አይከተለውም። አየሩ ተመልሶ ገብቷል። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

«ይይዛል። ሁለት ሦስቴ ደጋግሞ መርገጥ ነው።»

«በዚህ ፍሬን ነው ነገ ተራራውን የሚሻገሩት?»

ነገ ጠዋት እሷ ወደ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ትመለሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ተራራውን ተሻግረው መንጋው ወዳለበት ግጦሽ ይወጣሉ። እናቷ ስትልካት «መኪናው ካስፈራሽ አንድ ቃል ንገሪኝ፤ እንሸጠውና አባቴን እኛ ጋ እናመጣቸዋለን» ብላት ነበር። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። ከተማ እነሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የሰው መኪና በመስኮት ሲያዩ የሚውሉ ታያታ በዓይነ ሕሊናዋ መጡባት፤ እጇን ከኪሷ አወጣች።

«ለምን አባባ ሻርሼንን አይጠሩም?» ሻርሼን ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው።

«የሚስቴ አርባ ላይ ያልተገኘ ሰው እግሩ መኪናዬ ውስጥ አይገባም።»

«ሆስፒታል ተኝተው አልነበር እንዴ?»

«ሰው መላክ ያቅተዋል?»

ቤጋይም የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥታ «በሉ፣ እኔ እረግጣለሁ» አለች።

«ርገጪ።»

«ረግጫለሁ።»

«ያዢው… ያዢው… ልቀቂ።»

አንደኛው ጎማ ላይ ኮስተር ብለው ሠሩ። ሁለተኛው ላይ ወሬ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ «አያትሽ እኮ እየረገጠች ታንቀላፋ ነበር፤ ‹ልቀቂ› ብዬ ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብኛል» ብለው ራሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤጋይምን ግን ሳቁ አንጀቷን በላው። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ቃል የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም። ፍሬኑን ዛሬ ብትሠራላቸው በሚቀጥለው ጊዜ እንጨቱን መልሰው ይወትፉታል። አንድ ቀን ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ…

አራተኛው ጎማ ጋ ሲደርሱ ከመኪናው ወረደች።

«ወዴት ነው? አንድ ቀረን እኮ።»

«ይቺን እኔ አልረግጥም።»

ወደ አጥሩ ስታመራ ገባቸው። «ቤጋይም፣ ተይ ብያለሁ። ተመለሽ!» ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ ትንሽ የፈራ ሰውም። ከእሷ ጋር ተኳርፈው ሊለያዩ ይችላሉ። ቢሆንም አልቆመችም።

የሻርሼንን በር አንኳኳች። ውስጥ የነበረው ሬዲዮ ተዘጋ።

«ማነው?»

«የኤሸንኩል የልጅ ልጅ ነኝ» አለች። «ታያታ ፍሬን እየሠሩ ነው። የሚረግጥላቸው ሰው ቸግሯቸዋል።»